ከዋድላ ቅኔ ቤት እስከ ዩኒቨርሲቲ



ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወረታ የሚያወጣውን ጐዳና የያዘ መንገደኛ፥ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ጋሸና ከምትባል ነፋሻና ብርዳም ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚታጠፈው መንገድ 64 ኪሎ ሜትር ሄዶ ላሊበላ ያደርሳል፤ ወደ ደቡብ የሚያመራው ደግሞ የዋድላን አምባ አቋርጦ ወደ ደላንታ ይሄዳል። ጋሸና የመንገድ መገናኛ በመሆኗ ብዙ ሰው ስሟን ያውቃል፤ ነገር ግን አብዛኛው የሚያውቃት ሻይ ጠጥቶ ለማለፍ ያህል ነው። እኔ ግን ዛሬ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ኮሌጅ ስለሚሻገር ተማሪ ዝግጅት ለመናገር ስነሣ፥ ንግግሬን ከዚህች መንታ መንገድ ብጀምር የተሻለ መስሎ ታየኝ። የዚህ መሻገር ታሪክ በአገራችን ከዘመናዊው ትምህርት ቤት እጅግ ቀድሞ የተጀመረ ነውና።

ከእኛ ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል የወንድሙን ወይም የእኅቱን ልጅ ከባላገር አስመጥቶ ያላስተማረ፥ ወይም ቢያንስ አንድ ክረምት ያላሳደረ ሰው ጥቂት ነው። ልጁ ከአውቶቡስ ወርዶ አቧራውን ሳያራግፍ የምንጠይቀው ጥያቄ «ስንት አመጣህ?» የሚል ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ሆኖም ውጤቱ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባው እንደ ሆነ ይነግረናል እንጂ እዚያው ያቆየው እንደ ሆነ አይነግረንም። ከአገሩ አንደኛ ወጥቶ የሄደ ልጅ በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ሲሰናከል ብዙ ጊዜ ታይቷል። በዚህ ጊዜ ስንፍና ነው እንላለን፤ ወይም ከተማው አበላሸው እንላለን። አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገሩን ከሥሩ የተመለከተ ሰው ግን ሌላ ምክንያት ያገኛል፤ ይኸውም በሁለቱ የትምህርት ዓይነቶች መካከል ያለው ገደል ነው። በገደሉ ላይ ድልድይ በተዘረጋ ጊዜ የባላገሩ ልጅ ይሻገራል፤ ድልድዩ በተነሣ ጊዜ ደግሞ የሚሻገረው ከቤቱ ድልድይ ይዞ የመጣው፥ ማለት የተማረ ወላጅ ያለው ልጅ ብቻ ይሆናል።

ወደ ዋድላ እንመለስ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የቅኔ ትምህርት ሦስት ስመ ጥር ቤቶች አሉ፤ እነርሱም ጎንጅ፥ ዋሸራና ዋድላ ናቸው። የፊተኞቹ ሁለቱ በጎጃም ሲገኙ፥ ዋድላ ግን ይኸው ከጋሸና በስተ ደቡብ የተዘረጋው ደጋ ነው። በዚያው አካባቢ በዋድላ ደላንታ ለቅዳሴ ትምህርት የታወቀው ሰለልኩላ ይገኛል። እንግዲህ ዛሬ የመጨረሻ የባላገር ጥግ አድርገን የምናስበው ይህ አገር ለብዙ ዘመን ከጎጃም፥ ከጎንደርና ከሸዋ ተማሪ እየተነሣ የሚመጣበት የከፍተኛ ትምህርት ቦታ ነበረ ማለት ነው።

ወደ ቅኔ ቤት የሚገባ ተማሪ ባዶ እጁን አይመጣም። በንባብ ቤት ዳዊት ደግሟል፤ ብዙዎቹም በዜማ ቤት ጾመ ድጓውንና ድጓውን ሲያጠኑ ዓመታት አሳልፈዋል። እስከዚህ ድረስ ትልቁ የትምህርት መሣሪያ ቃል ነው፤ የኔታ ያሉትን፥ እንዳሉት፥ ሳያጎድሉና ሳይጨምሩ መመለስ። ከቅኔ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ግን ይህ መሣሪያ ይዶለዱማል። ቅኔ አይሸመደድምና። ትናንት የተቀኙት ለዛሬ አይሆንም፤ የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብም ነውር ነው። ተማሪው በየቀኑ ከገዛ ልቡ አዲስ ነገር ማፍለቅ አለበት። ትናንት በማስታወስ ኃይሉ የተመሰገነ ልጅ ዛሬ በዚያው ኃይሉ ብቻ ምንም እንደማያደርግ ሲያውቅ የሚሰማውን ድንጋጤ፥ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፈተናውን ወረቀት ተቀብሎ ያየ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ የቀድሞ መምህራን በቃል ጥናት ያደገውን ልጅ እንዴት ያሻግሩት ነበር? መምህሩ ከሁሉ አስቀድመው የግእዙን ግሥና አገባብ ያስይዙታል። ከዚያም በሁለት ቤት ብቻ የሚፈጸመውን ጉባኤ ቃናን እንዲሞክር ያደርጉታል። ተማሪው ቀን ከጉባኤው ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከቋጥኝ ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ሲቈጥር ይውላል፤ የሚያግዘው ሰው የለም፤ ደወልም አይደወልለትም። ሲመለስ የቈጠረውን ይነግራል። ጀማሪው የሚነግረው ወዲያው ለዋናው መምህር ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከእርሱ ቀድሞ ለገባውና ለበሰለው ተማሪ፥ አስነጋሪ ለሚባለው ነው። አስነጋሪው ስሕተቱን እያነሣ ያርማል፤ ምክንያቱንም ያስረዳል። ልጁ በዚህ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፥ ከዚያ ወደ ሚበዝኁ፥ ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። መምህሩም ራሳቸው በተማሪዎቹ ፊት ቅኔ እየዘረፉ፥ አንድ ሊቅ በአእምሮው እንዴት እንደሚሠራ በዓይን ያሳያሉ እንጂ ያለቀለትን ነገር ብቻ አያቀብሉም።

ይህንን ማለቴ የቆሎ ተማሪ ኑሮ ያለ ነቀፋ ነበር ለማለት አይደለም። ረኀቡም፥ ብርዱም፥ አኩፋዳ ይዞ ቁራሽ ሲለምን የሚያባርረው ውሻም ብዙውን አስመርሮታል፤ በመንገድ የቀረውንም ቤት ይቁጠረው። ሴት ልጅ እንደ ጎጃሟ የቅኔ መምህርት እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያለ ብርቱ ዕድልና ተሰጥዎ ካልገጠማት በቀር ከደጁ ውጭ የምትቀርበት ትምህርት ነበረ። ሆኖም አንድ ነገር አልጎደለውም፤ ከመቀበል ወደ ማፍለቅ የሚያወጣው መሰላል ደረጃው በደረጃው የተሠራ ነበረ።

በነገራችን ላይ፥ ይህ የዋድላ አምባ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ መንገድ እያስቀደዱ ያለፉበት ነው። የዛሬውን የወልድያን ጐዳና የሠሩት ግን በደርግ ዘመን የመጡ የቻይና መሐንዲሶች ናቸው። በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች መካከል ባለው መቶ ዓመት ግድም የላስታና የዋድላ ሰው ለሩቅ ጉዳይ ያለው መጓጓዣ እግሩና በቅሎው ነበር። ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዘመናዊው ኮሌጅ ሲከፈት የላስታ ልጅ ከእርሱ ምን ያህል ርቆ እንደ ቆመ ለማሳየት ነው።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተከፈተ። በ1943 ዓ.ም. ደግሞ ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት የሚመሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ። ቀጥሎ የምሕንድስናው፥ የጎንደሩ የጤና ጥበቃና የዓለማያው የእርሻ ኮሌጆች ተከተሉ። በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. እነዚህ ሁሉ በአንድነት ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባሉ፤ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትም ዋና ግቢው ሆነ። በዚያ ዘመን ከላሊበላ ወይም ከዋድላ የተነሣ ልጅ፥ የተወሰነ ክፍል ከተማረ በኋላ ቀናት ተጉዞ ወደ ወልድያ፥ ከዚያም በመኪና ወደ ደሴ ወርዶ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ካልገባ በቀር የመልቀቂያውን ፈተና ለማየት ተስፋው የመነመነ ነበር። ዘመድ ያለው ከዘመድ ይጠጋል፤ የሌለው ከሌሎች ጋር ክፍል ተከራይቶ፥ እናቱ የላከችለትን ቆሎና በሶ እያብቃቃ ይማራል። የድሮው የቆሎ ተማሪ ስሙን ለውጦ ደሴ ገባ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሕዝቡ ዛሬም «ማትሪክ» ብሎ የሚጠራው የመልቀቂያ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ለማለፍ አማርኛ፥ እንግሊዝኛና ሒሳብ ያሉባቸው አምስት ትምህርቶችን በጥሩ ማዕረግ ማለፍን ይጠይቅ ነበር። ፈተናውን ያለፈ ሁሉ ግን አልዳነም። በአንደኛው ዓመት፥ «ፍሬሽማን» በሚባለው፥ ብዙ ተማሪ ይሰናበት ነበር። የሚሰናበተው ሰነፉ ብቻ አልነበረም። ለብዙዎቹ ትልቁ እንቅፋት የእንግሊዝኛ ቋንቋ ነበረ፤ ያውም ሰዋስውን አለማወቅ ሳይሆን ፈጥኖ ማንበብንና ያነበቡትን በራስ ቃል መጻፍን አለመልመድ። መምህሩ በክፍል ሰሌዳውን ሞልተው እስኪያስገለብጡት ድረስ የጠበቀ ልጅ፥ አስተማሪው አንድ ሰዓት ተናግሮ፥ ሦስት መጻሕፍት ጠቅሶ ሲወጣ ምን ይያዝ?

አገሮች ሁሉ ይህን ገደል ያውቁታል፤ የሚለያዩት ድልድዩን በሚያኖሩበት ስፍራ ነው። በእንግሊዝ አገር ተማሪው ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት «ኤ ሌቭል» የሚባለውን ጥቂት ትምህርት በጥልቀት ይማርና ዲግሪውን አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ዓመት ይፈጽማል። በአሜሪካ ግን ከ12ኛ ክፍል በቀጥታ ገብቶ የመጀመሪያውን ዓመት በዚያው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንደ መሸጋገሪያ ይጠቀምበታል። የእኛ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት የአሜሪካው የዩታ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን በጥናቱ ተካፋይ ስለ ነበሩ የአሜሪካን አካሄድ ያዝን።

ነገር ግን የዚያ ዘመን ሰዎች የፍሬሽማን ዓመት ብቻውን እንደማይበቃ ማስተዋላቸው ያስመሰግናቸዋል። ዩኒቨርሲቲው በዕደ ማርያም የሚባል የሙከራ ትምህርት ቤት አቋቁሞ ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ተማሪዎችን እየመረጠ ያስመጣ ነበር። ልጆቹ የመጨረሻውን የሁለተኛ ደረጃ ዓመት ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ይማራሉ፤ ብዙዎቹም ለመምህርነት ሙያ የታሰቡ ነበሩ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከወሎ ወይም ከጎጃም የመጣ ልጅ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት የኮሌጅን አየር ለመደ ማለት ነው፤ አዲስ አበባን ማየቱን፥ ቤተ መጻሕፍት መግባቱን፥ ማፈሩንና ማፈሩን መርሳቱን ከዋናው ፈተና በፊት ፈጸመው። ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ስለ ከፍተኛ ትምህርታችን ታሪክ ስንናገር ከሕንፃዎቹ ይልቅ ስለዚህ ትምህርት ቤት አብዝተን ብንናገር በተገባን ነበር።

ሁለተኛው ድልድይ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በዚህ ሥርዓት የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ አብዛኛውን ጊዜ ያስተምር ነበር። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን መታየታቸው እርግጥ ነው፤ እንግሊዝኛቸውም ጠቅሟል። ይሁን እንጂ ከፈረንጁ መምህር ይልቅ የባላገሩን ተማሪ ዓይን የገለጠው ይህ የሃያ ሁለትና የሃያ ሦስት ዓመት ኢትዮጵያዊ ወጣት ሳይሆን አይቀርም። እርሱ ራሱ በቅርቡ በዚያው መንገድ ያለፈ ነውና፥ የመጀመሪያው መንፈቅ እንዴት እንደሚያስደነግጥ፥ ማስታወሻ እንዴት እንደሚያዝ፥ መጽሐፍ እንዴት እንደሚዋስ ሊነግር ይችላል። በሌላ አነጋገር ይህ የቅኔ ቤቱ አስነጋሪ ነው፤ ማንም ሆነ ብሎ ከዋድላ ባይቀዳውም።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ተማሪውም መምህሩም ገጠር ወረደ፤ የዩኒቨርሲቲውም ትምህርት ተቋረጠ። የቀሩት የደርግ ዓመታት የራሳቸው ሰፊ ታሪክ ስላላቸው እዚህ አልዘረዝራቸውም። ለያዝነው ጉዳይ ግን ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ የሆነው ይበልጥ ያስፈልገናል። በዚህ ፖሊሲ መሠረት አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ በ10ኛ ክፍል ያበቃና 11ኛና 12ኛ ክፍል «መሰናዶ» ተባሉ። መሰናዶው የፍሬሽማንን ቦታ ይተካል ተብሎ የመጀመሪያው ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ወጣ፤ ብዙው ዲግሪም በሦስት ዓመት የሚፈጸም ሆነ። ድልድዩ ከአሜሪካኖቹ ስፍራ ተነሥቶ ወደ እንግሊዞቹ ስፍራ ተዛወረ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን መሰናዶው የተሰጠው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ሙከራ በጐደለባቸው በእነዚያው ትምህርት ቤቶች ሲሆን፥ ልጁ ያንኑ የሽምደዳ ልማድ ሁለት ዓመት ጨምሮበት ይወጣል። በዚህም ጊዜ የዩኒቨርሲቲዎቹ ቁጥር ከጥቂቶች ተነሥቶ ከ40 በላይ ደረሰ፤ ወልድያም የራሷን ዩኒቨርሲቲ አገኘች። በሩ ሰፋ፤ ደረጃው ግን ጐደለ። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ተመልሶ መግባቱ ይህ ጉድለት መታመኑን ያሳያል።

ጋሸና ግን በዚህ መካከል ሌላ መከራ ገጠማት። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በገባ ጊዜ ያቺ የመንገድ መገናኛ የውጊያ ግንባር ሆነች፤ ላሊበላም ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። ሌላው አገር የ12ኛ ክፍልን ፈተና ሲፈተን በጦርነቱ ቀጣና የነበሩት ልጆች ቀርተው በሁለተኛ ዙር ተፈተኑ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከአንድ የ18 ዓመት ልጅ ዕድሜ ውስጥ ኮሮና፥ ጦርነትና ግጭት የወሰዱትን የትምህርት ወራት ቢቀንሱ፥ 12 ዓመት ተምሯል የምንለው ልጅ በእውነቱ ስንት ዓመት እንደ ተማረ መቁጠር ያዳግታል።

ፈተናው ስርቆትን ለመከላከል ተጠንክሮ በተሰጠበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን፥ ከ896 ሺህ በላይ ከሆኑት ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይህም ከመቶ 3.3 ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ቁጥር ከአንድ ሺህ በለጠ። በተከታዩ ዓመት 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። ከግማሽ በታች ካገኙት የተሻሉት ተመርጠው «ሪሚዲያል» በሚባለው የማካካሻ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ተደረገ። አንዳንድ ሰዎች ይህን የማካካሻ ትምህርት ሲንቁት እሰማለሁ። ታሪኩን ያየ ሰው ግን ሊንቀው አይችልም፤ የበዕደ ማርያም የሩቅ ዘመድ ነውና። ሊጠየቅ የሚገባው በጥቂት ወራት ውስጥ ያንኑ የክፍል መጽሐፍ መልሶ ያስሸመድዳል ወይስ ልጁን ራሱን ችሎ እንዲማር ያለማምዳል የሚለው ነው።

እንግዲህ በቤታችን የተቀመጠው የወንድም ልጅ ነገር ምን ይሁን? መንግሥት ያቆመውን ድልድይ እኛ ልንተካው አንችልም፤ የአስነጋሪውን ሥራ ግን ከቤት ውስጥ ልንሠራው እንችላለን። ልጁ ገና 9ኛ ክፍል ሳለ፥ ማለት በአገሩ ሁሉ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ በሚሆንበት ጊዜ፥ በቀን ሁለት ገጽ ብቻ እንግሊዝኛ አንብቦ መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን በገዛ ቃሉ በግማሽ ገጽ ይጻፍ፤ ማታ ከሥራ ስንመለስ እንየው። ሁለት ገጽ ትንሽ ነው የሚል ቢኖር ጉባኤ ቃናም ሁለት ቤት ብቻ ነው። የሒሳቡን ጥያቄ ከመልሱ ጋር ከማጥናት ይልቅ መልሱን ሸፍኖ ይታገለው፤ ከዚያም የደረሰበትን ለታናሹ ያስረዳ፤ ለማስረዳት ሲሞክር ያልገባው ቦታ ያን ጊዜ ይታወቀዋልና። በዘመድ ወይም በጎረቤት አንድ የሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቢኖር ለእረፍት ሲመጣ ምሳ ጋብዞ ከልጁ ጋር ግማሽ ቀን እንዲቀመጥ ማድረግ፥ ውድ ከሆነ የማስጠኛ ክፍያ የበለጠ ሊጠቅም ይችላል። ሰዓቱንም ራሱ ይደልድል። ከእንቅልፉ እኛ እየቀሰቀስን፥ መጽሐፉን እኛ እያስከፈትን 12ኛ ክፍል ያደረስነው ልጅ፥ መኝታ ቤቱ ውስጥ ማንም በማይቀሰቅሰው ቀን ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ለሴት ልጅ ደግሞ ውኃ መቅዳቱና ወጥ መሥራቱ ከጥናት ሰዓቷ ላይ መወሰዱ እስካልቀረ ድረስ ይህ ሁሉ ምክር ለወንድሟ ብቻ የተነገረ ይሆናል።

በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፥ ተፈታኞቹ ከየወረዳው በአውቶቡስ ተጭነው ገብተው እዚያው አደሩ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነበር። ከብዙዎቹ የባላገር ልጆች አንዱም ከዚያ በፊት የዩኒቨርሲቲን መኝታ ቤትና የምግብ አዳራሽ አይቶ አያውቅም። ሰልፍ ይዘው ምግብ ተቀበሉ፤ በተደራረበው አልጋ ላይ ተኙ፤ ቤተ መጻሕፍቱንም ከውጭ ተመለከቱት። ፈተናው ሲያልቅ አውቶቡሶቹ መጥተው ወደየአገራቸው መለሷቸው።